ሪቴይነራችሁን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት፦ ሰሞኑን ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ብሬሱ ከወለቀ ሪቴይነሩ ለምን?» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ብሬስ ጥርስ ማስተካከያው ሽቦ ነው፤ ሪቴይነር ደግሞ ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዘው መሣሪያ። አጻጻፉ ያምራል፣ ቋንቋው ቀላል ነው፣ የሚያነሳው ብሶትም የብዙ ሰው ብሶት ነው። ችግሩ ያለው ምክሩ ላይ ነው። ጽሑፉን አምኖ ሪቴይነሩን የተወ ሰው ዛሬ ምንም አይታየውም። የሚታየው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስታወት ፊት ቆሞ «ይቺ ጥርስ እንዲህ ነበረች እንዴ?» ሲል ነው። ሥራዬ ከጥርስ ጋር ስለሆነ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሁሌም ያሳዝነኛል። ዝም ማለት ያልፈለግኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጥሩ ሐኪም ያስተካከለው ጥርስ ባለበት ይቆያል፤ ከተንቀሳቀሰ ሥራው ድሮውኑ ጎዶሎ ነበር ይላሉ። አጥንቱ በስድስት ወር ይጠነክራል፣ ጥርሱም ሲሚንቶ እንደደረቀበት ምሰሶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ «ዕድሜ ልካችሁን አድርጉ» ማለት ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ይላሉ። የፊት ጥርስን የሚያጣምመው ከኋላ የሚገፋው ዊዝደም ቱዝ (በስተመጨረሻ የሚበቅለው የመንጋጋ ጥርስ) ስለሆነ እሱን አስነቅሎ መገላገል ይሻላል ባይ ናቸው። የግድ ከሆነ ደግሞ ከጥርስ ጀርባ የሚለጠፈውን ሽቦ አስደርጎ መርሳት ነው። በመጨረሻም፣ ጥርሱ ትንሽ ከሸሸ ቤት ውስጥ በላስቲክ መመለስ ይቻላል ብለው ይዘጋሉ።

በሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም። ሌላው ሁሉ የቆመው በሲሚንቶው ሐሳብ ላይ ስለሆነ እሱ ይቅደም።

«አጥንቱ በስድስት ወር እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል»

ጥርስ አጥንት ውስጥ ተተክሎ የደረቀ ነገር አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ሥሩን ከአጥንቱ ጋር በሚያያይዙ በጣም ቀጫጭን ክሮች የተሞላ ነው። ጠንከር ያለ ነገር ስንነክስ ጥርሳችን ለዓይን በማይታይ መጠን ዝቅ ብሎ የሚመለሰው በነሱ ምክንያት ነው።

ብሬስም የሚሠራው በነዚሁ ክሮች በኩል ነው። ሽቦው ጥርሱን ወደ አንድ ጎን ሲገፋው፣ ጥርሱ የተጫነው የአጥንት ክፍል ቀስ በቀስ ይሟሟል። ጥርሱ ጥሎት በሄደው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርስ ከቦታ ቦታ የሚጓዘው እንዲህ ነው። ይህ አጥንትን የማፍረስና የመሥራት ችሎታ ብሬሱ ሲወልቅ አብሮ አይወልቅም፤ ዕድሜ ልክ አለ። ነገሩ እንደተባለው ቢሆን ኖሮ በ40 ወይም በ50 ዓመቱ ብሬስ ያስደረገ ሰው ጥርሱ ንቅንቅ ባላለ ነበር። አጥንቱ ከደረቀ አሥርተ ዓመታት አልፈውታላ! ነገር ግን የሱም ጥርስ ይንቀሳቀሳል፣ ይስተካከላልም። ሐኪም በፈለገው አቅጣጫ መንቀሳቀስ የሚችል ጥርስ፣ ሐኪም በማይፈልገውም አቅጣጫ መንቀሳቀስ ይችላል።

ስድስት ወር የምትለው ቁጥር ግን ከሜዳ የመጣች አይደለችም፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ክሮች ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ይደራጃሉ። ድዱ ውስጥ ያሉት ዋናዎቹ ክሮች ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅባቸዋል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆሙ። ከአጥንቱ በላይ፣ ድዱ ውስጥ ሆነው የጥርሱን አንገት የሚይዙ የመለጠጥ ባሕርይ ያላቸው ሌሎች ክሮች አሉ። እነዚህ ቀርፋፋ ናቸው። ዓመት አልፎም ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ሊስቡት ይችላሉ። ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ ካሬ ሬይታን እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ጥናት የውሾችን ጥርስ አዙረው በዞረበት ይዘው አቆዩት። ከ232 ቀን በኋላ እንኳ የድዱ ክሮች እንደተወጠሩ ነበሩ። ይህ ከሰባት ወር በላይ ነው።

ጠማማ ሳይሆን ዞሮ የነበረ ጥርስ ያላችሁ፣ ይቺን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት። ብሬስ ከወለቀ በኋላ ቶሎ የሚከዳው ዞሮ የነበረው ጥርስ ነው። የፊት ሁለቱ ጥርሶች መካከል የነበረ ክፍተት የተዘጋላቸው ሰዎችም ከዚያ አይተናነሱም፤ ክፍተቱ ተመልሶ መከፈት ይወዳል። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ በጣም ዞሮ ለነበረ ጥርስ አንዳንዴ እነዚያን የተወጠሩ የድድ ክሮች በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቆርጧቸዋል። የመመለስ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ያም ተደርጎ ግን ሪቴይነሩ አይቀርም።

ክሮቹ ሁሉ ከተረጋጉ በኋላስ? ያኔም አላለቀም፤ ምክንያቱም ጥርስን የሚነካው የሕክምናው ትዝታ ብቻ አይደለም። ምላስ ከውስጥ፣ ከንፈርና ጉንጭ ከውጭ ቀንና ሌሊት ይጫኑታል። መንጋጋም ከጉርምስና በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይለወጣል። በተለይ የታችኛው የጥርስ ረድፍ ከዕድሜ ጋር ይጠባል፤ በሁለቱ ክራንቻዎች መካከል ያለው ርቀት ያንሳል። ቦታ ሲያንስ አራቱ የታች የፊት ጥርሶች መደራረብ ይጀምራሉ። ይህ ብሬስ አድርጎ የማያውቅ ሰውም ላይ ይደርሳል። ሲንክሌርና ሊትል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ሕክምና ያላገኙ፣ የጥርስ አገጣጠማቸው ደህና የነበረ 65 ሰዎችን መዝገብ ከልጅነት እስከ ጎልማሳነት መባቻ መርምረው ነበር። ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ የታችኛው ረድፍ አጥሯል፣ በክራንቻዎቹ መካከል ጠቧል፣ የፊት ጥርሶቹም በመጠኑ ተዛንፈዋል። እነዚህን ሰዎች የትኛው ሐኪም አበላሻቸው?

«ዕድሜ ልክ ማለት ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የተበሳጩበት ነገር ይገባኛል። ሪቴይነር ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ያልቃል፤ መተኪያው ገንዘብ ያስወጣል። ከዚያም የሚብሰው፣ ብዙ ታካሚ ስለ ሪቴይነር የሚሰማው ብሬሱ በሚወልቅበት ቀን መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ታግሶ «ተገላገልኩ» ባለበት ሰዓት «አሁን ደግሞ ይሄን ታደርጋለህ» ሲባል የተታለለ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይህ የኛ የባለሙያዎች ጥፋት ነው። ሕክምናው ሁለት ክፍል እንዳለው፣ ማስተካከልና ይዞ ማቆየት መሆኑን፣ ሰው ገና ሳይጀምር ማወቅ አለበት። ዋጋው ላይም አብሮ መነገር አለበት።

ከዚህ ተነስቶ «ንግድ ነው» ማለት ግን አያስኬድም። ሪቴይነር የትናንት የሽያጭ ፈጠራ አይደለም። ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበትን፣ ላንቃ ላይ የሚያርፍና ከፊት ሽቦ ያለውን ዓይነት ቻርልስ ሀውሊ ለሙያው ዓለም የጻፉለት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ደግሞ ሒሳቡን እንየው። የሐኪሙ ሐሳብ ገንዘብ ብቻ ቢሆን የሚያዋጣው ሪቴይነሩን አለመስጠት ነበር። ጥርሱ ሲመለስ ታካሚው ሙሉ ሕክምናውን ከሀ ጀምሮ ድጋሚ ይከፍላላ! አንድ የፕላስቲክ ሪቴይነር መተካት ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

«ጥሩ ሐኪም የሠራው አይመለስም»

ይህ ነጥብ ፈትሾ ለማየት የሚመች ነው፤ ተፈትሿልም። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቻቸው ታክመው የጨረሱ ሰዎችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ጥናት ቦታ ለማግኘት ጥርስ ተነቅሎላቸው የታከሙ 65 ሰዎችን ሪቴይነር ካቆሙ ከ10 ዓመት በኋላ ተመለከተ። ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የታች የፊት ጥርሳቸው አጥጋቢ በማይባል ሁኔታ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ከነዚህ መካከል 31ዱን እስከ 20 ዓመት ድረስ ተከትለው ሲያዩ፣ ደህና የሚባል አሰላለፍ የቀረላቸው 10 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኙ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። ተመራማሪዎቹ የትኛው ታካሚ ጥርሱ እንደሚመለስ አስቀድሞ የሚጠቁም ምልክት ፈለጉ። ዕድሜው ይሆን? ፆታው? ከሕክምናው በፊት የነበረው መጣመም? ሕክምናው ሲያልቅ የነበረው ሁኔታ? አንዱም አልጠቀመም። አጨራረሱ ያማረውም ይመለሳል፣ ያላማረውም ይቆያል። ስለዚህ ሐኪማችሁ ብሬሱን ባወለቀበት ቀን የእናንተ ጥርስ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ አይችልም። የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም መያዝ።

ጥናቱ የሚናገረው ስለ አንድ ዓይነት ሕክምና ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ለሁሉም ሰው መስጠት አይገባም። መጥፎ ሕክምና የለም ማለቴም አይደለም። ለምሳሌ የታችኛው ረድፍ ከሚችለው በላይ በኃይል ከተሰፋ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ምላሱን እየገፋ የሚውጥ ሰው ልማዱ ሳይታይለት ብሬሱ ቢወልቅም እንዲሁ። ጸሐፊው «አንዳንዴ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው» ብለው ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። «ከተመለሰ ሐኪሙ ነው» ማለት ግን ሪቴይነሩን ያቆመውን ሰው በማያስፈልግ ቂም ይሞላዋል፣ መፍትሔውንም ያስረሳዋል።

«ዊዝደም ቱዙን አስነቅሎ መገላገል»

ይህን ባጭሩ። ዊዝደም ቱዝ ጭራሽ ያልተፈጠረላቸው ሰዎች አሉ፤ የነሱም የፊት ጥርስ ይደራረባል። አስቀድመው የተነቀለላቸውም እንዲሁ። በእንግሊዝ እነ ሃራዲን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ሕክምና የጨረሱ ወጣቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ የግማሾቹን አስነቅሎ የግማሾቹን ትቶ፣ በአማካይ ለአምስት ዓመት ተኩል ተከታትሏል። የፊት ጥርስ መደራረብን ለመከላከል ብሎ ዊዝደም ቱዝ መንቀል ተገቢ አይደለም ሲል ደመደመ። ጥርሱ ከታመመ፣ ድዱ ደጋግሞ ካበጠ፣ ወይም ጎረቤቱን ጥርስ ካበላሸ ይነቀል። ለዚያ በቂ ምክንያት አለ። ሪቴይነር ላለማድረግ ተብሎ ግን ቀዶ ሕክምና አይገባም።

«ሽቦውን አስለጥፎ መርሳት»

ቋሚው ሽቦ ጥሩ ነገር ነው። ማታ ማታ ሪቴይነር ማድረግ ለሚረሳ ሰው፣ ክፍተት ለተዘጋለት ሰው እኔም እመክረዋለሁ። የምቃወመው «መርሳት» የምትለዋን ነው።

ሽቦው ብዙውን ጊዜ ከአንዱ የታች ክራንቻ እስከ ሌላኛው፣ በስድስት ጥርሶች ጀርባ ይዘልቃል። በየጥርሱ ላይ በትንሽ ጠብታ ማጣበቂያ ይያዛል። ያ ቦታ ደግሞ ምራቅ የሚፈልቅበት ነው። ምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ጥርስ ላይ ከቀረው ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጥረው፣ ታርታር የምንለው፣ ያለ ሽቦም እዚያ ጋ ይበዛል። ሽቦ ሲኖር ከሥሩ ተሰግስጎ ይቀመጣል። ተራ የጥርስ ክር ከላይ አይገባም፤ በመርፌ መሰል ማሾለኪያ ከሽቦው በታች ማስገባት ወይም በጥርስ መሀል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ መጠቀም ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ድዱ ይቀላል፣ ሲቦረሽ ይደማል። ጸሐፊው «ተለጠፈ፣ አለቀ» ያሉት ይህን ሁሉ ሳይነግሩን ነው።

ሌላም አለ። ከስድስቱ ጠብታዎች አንዷ ልትለቅ ትችላለች። ሽቦው በሌሎቹ ስለተያዘ አይወድቅም፣ አያምም። ባለቤቱም አያውቅም። ያቺ አንድ ጥርስ ብቻ ነፃ ወጥታ ቀስ እያለች ትወጣለች። ስለዚህ በየጊዜው በምላሳችሁ ጫፍ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳስሱ። ሽቦው ሲነካ ከአንዱ ጥርስ ላይ ብድግ ካለ፣ ወይም ድሮ ልስልስ የነበረ ቦታ ሻከር ካለ፣ ቀን ሳትቆጥሩ ሂዱ። አልፎ አልፎ ደግሞ ሽቦው ሳይለቅ ራሱ ተጣሞ ጥርሱን ወደማይፈለግ አቅጣጫ ይገፋዋል። የአንዱ ጥርስ ሥር ከድዱ ሥር ጎልቶ ሲወጣ ወይም ድዱ ሲሸሽ ይታያል። ይህ የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፤ ያጋጠመው ግን በአጭሩ ካልተቀጨ ጥርሱን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። ዓመት በዓመት ሽቦውን የሚያይላችሁ ሰው ይኑር የምለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው ተነቃዩን ሪቴይነር «የጀርም ማደሪያ» ብለውታል። ካልታጠበ እውነት ነው። ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ቀላል ፈሳሽ ሳሙና በየቀኑ ሲታጠብ ግን ችግር የለውም። የጥርስ ሳሙና ፕላስቲኩን ይቧጭረዋልና ይቅር። ሙቅ ውኃማ አይሞከር፤ ፕላስቲኩ ቅርጹን ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ልክ አይሆንም። ስትበሉ ስታወልቁት በሶፍት አትጠቅልሉት። ከሶፍቱ ጋር ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የገባው ሪቴይነር ብዛቱ አይነገርም። ሣጥኑ ውስጥ ይግባ።

«ትንሽ ከሸሸ በላስቲክ መመለስ»

እስካሁን ያለው ልዩነታችን የሐሳብ ነው። ይህ ግን አደገኛ ምክር ነው፤ ጸሐፊው ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት በአክብሮት እለምናለሁ።

ሁለት የፊት ጥርሶች ላይ የተጠለቀች ትንሽ ላስቲክ እዚያው አትቀመጥም። የጥርስ ሥር ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኳ ወደ ቀጭኑ ትንሸራተታለች። ድድ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ባለቤቱ «ወደቀች» ብሎ ሌላ ያደርጋል። የመጀመሪያዋ ግን ሥሩን ይዛ ወደ ሥሩ ጫፍ እየተንሸራተተች አጥንቱን ትበላለች። ራጅ ላይ ላስቲኳ ራሷ አትታይም፤ የሚታየው የጎደለው አጥንት ነው። ጥርሶቹ መነቃነቅ ሲጀምሩ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶችን በዚህ ምክንያት ያጡ ልጆች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። አንድ ሚሊሜትር ክፍተት ለመዝጋት ብሎ ሁለት ጥርስ! በጣት መግፋቱም ቢሆን ጥርስን አያስተካክልም። ምክንያቱም ጥርስ የሚንቀሳቀሰው ለረጅም ሰዓት በሚቆይ ቀላልና የተመጠነ ኃይል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በቀን ስንት ሰዓት የሚለው ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሐኪማችሁን ቃል ያዙ። የትኛው ዓይነት ሪቴይነር ከየትኛው ይበልጣል በሚለውም ጥናቶች ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ልክ ነበሩ። ብዙ ሐኪም የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀንም ማታም፣ ከዚያ ማታ ማታ ብቻ ይላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ማታ ብቻ ማድረግ ብዙም እንደማያንስ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ጊዜ ሲያልፍ ሐኪሙ በሳምንት ወደ ጥቂት ሌሊት ሊያወርደው ይችላል።

ጽሑፉን አንብባችሁ ለተዋችሁት ደግሞ እንዲህ ነው። ዛሬ ማታ አውጡና አጥባችሁ ሞክሩት። ጠበብ ብሎ፣ ትንሽ እየተጫናችሁ ግን እስከ መጨረሻው ከገባ፣ ጥርሳችሁ ገና ብዙ አልሄደም። ከዛሬ ጀምሮ በየሌሊቱ አድርጉት። መጥበቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልቀነሰ ሐኪማችሁ ይየው። ከጥርሱ ጋር ሳይገጥም ጠርዙ ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ወይም ለማስገባት መንከስ ካስፈለገ፣ አታስገድዱት፤ ይሰበራል፣ ጥርሱንም ይጎዳል። ሣጥኑ ውስጥ መልሱትና እሱኑ ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። ጥርሱ የት እንደነበረና አሁን የት እንዳለ ለማወዳደር ያ አሮጌ ሪቴይነር ይጠቅመዋል። መንገዱ አጭር ከሆነ በአዲስ ሪቴይነር ወይም ጥርስ ላይ በሚጠለቁ ጥቂት ግልጽ የፕላስቲክ ማስተካከያዎች ያልቃል። ሄዶ ሄዶ ከሆነ ብሬስ ድጋሚ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያንን ግን ሐኪሙ አይቶ ይነግራችኋል።